ካርዱ ለምን ይመለሳል? መድኃኒት የተላመደ ኤችአይቪን ለመለየት የደም ናሙና አዘገጃጀት፣ በጅማ ዝናብ

ደም የተንጠባጠበበት የናሙና ካርድ ተልኮ፣ ስንት ሳምንት ተጠብቆ፣ መጨረሻ ላይ «አልተባዛም፣ ናሙናው ይደገም» (ማለትም ለማንበብ የሚበቃ የቫይረስ ቅጂ አልወጣም) ተብሎ ይመለሳል። ታካሚዋ ከሊሙ ገነት ተሳፍራ የመጣች ናት። አሁን ደግሞ «እንደገና ይምጡ» ልትሏት ነው። ይህን ያላየ የኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ክፍል ሠራተኛ ጥቂት ነው።

ይህን የጻፍኩት በጅማና በዙሪያዋ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለምትሠሩ ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። የቫይረሱን ዘረመል ስለሚያነበው የሲኩዌንሲንግ ማሽን ብዙም አላወራም። አብዛኛው ጥፋት የሚሠራው ካርዱ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ፣ እኛው ጠረጴዛ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር

«ይኼው ካርድ ለቫይራል ሎድ (ለቫይረስ መጠን ልኬት) ሠርቷል፣ ለዚህ ለምን እምቢ አለ?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። ቫይራል ሎድ የሚቆጥረው የቫይረሱን አጭር ቁራጭ ነው። የመላመድ ምርመራው ግን ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚያመልጥበትን ክፍል ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ይህም ከ1000 በላይ ተከታታይ ፊደል ነው። የቫይረሱን አር.ኤን.ኤ እንደ ረጅም ክር አስቡት። እርጥበትና ሙቀት ክሩን ይበጣጥሱታል። የተበጣጠሰ ክር ለመቁጠር ይበቃል፣ ለማንበብ ግን አይሆንም። ስለዚህ «ለቫይራል ሎድ እንደምናደርገው» ብላችሁ አትሥሩ።

ደረጃ 1፦ ታካሚው ለምርመራው ደርሷል?

መርፌ ከማንሳታችሁ በፊት የታካሚውን የክትትል ካርድ ገልጣችሁ እነዚህን አረጋግጡ።

1. የመጨረሻው የቫይረስ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1000 ኮፒ በላይ ነው? ከዚያ በታች ከሆነ የሚባዛ በቂ ቫይረስ ስለማይኖር ናሙናው ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። በደም ካርድ ላይ ያለው ደም ትንሽ ነው። ስለዚህ ውጤቱ 1000ን ጥቂት ያለፈ ከሆነም ከተስፋ ይልቅ ጥርጣሬ ይኑራችሁ።

2. የመድኃኒት አወሳሰድ ምክር ተሰጥቶ፣ ከ3 ወር በኋላ የቫይረስ መጠኑ ተደግሟል? ያልተደገመ ከሆነ ቀድማችሁ ድገሙ።

3. ታካሚው መድኃኒቱን አሁን እየወሰደ ነው? ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። መድኃኒት ሲቋረጥ ያልተላመደው ቫይረስ እንደገና ይፈላና የተላመደውን ይሸፍነዋል። ከሳምንታት በኋላ ደም ብትወስዱ ውጤቱ «መድኃኒቱ ይሠራል» ሊል ይችላል። የተላመደው ቫይረስ ግን አልጠፋም፣ ተደብቋል። ናሙናው መድኃኒት እየተወሰደ እያለ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ካቆሙ በ4 ሳምንት ውስጥ ይወሰድ። ካለፈ ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱ ተጀምሮ፣ የቫይረስ መጠኑ ታይቶ ነው የሚቀጥለው።

አጠያየቁም ዘዴ ይፈልጋል። «መድኃኒት በደንብ ይወስዳሉ?» ካላችሁ መልሱ «አዎ» ነው። ማን «አልወስድም» ይላል? እንዲህ ሞክሩ፦ «እትዬ፣ ሰው ነንና አንዳንዴ ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጥዎት?» ያን ጊዜ የልብ ወሬ ይወጣል። «ለቅሶ ሄጄ ነበር»፣ «እህቴ ቤት አድሬ ሰው እንዳያይ ፈራሁ» ይላሉ። ለቡና ለቀማ ርቀው የሚሄዱትን በተለይ ጠይቁ።

4. የሚጋጭ ነገር አለ? ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከክኒኑ ጋር ባዶ ሆድ አይረን፣ ካልሲየም ወይም የጨጓራ ማስታገሻ ከወሰደ መድኃኒቱ በደንብ አይመጠጥም። ዶሉቴግራቪርን ከእነዚህ ቢያንስ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን የሚወስድ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩ 50 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ መሆን አለበት። የእርጉዝ እናትን የአይረን ክኒን ሳያዩ ወደ ጄኖታይፕ (ወደ መላመድ ምርመራው) መሮጥ ካርድ ማባከን ነው።

ደረጃ 2፦ ጠረጴዛውን አዘጋጁ

ደም ከቀዳችሁ በኋላ ዕቃ ፍለጋ አትነሱ። አስቀድማችሁ እነዚህን ደርድሩ፦

- ባለ 5 ክብ የደም ካርድ
- ዱቄት የሌለው ጓንት (ዱቄቱ የማባዛቱን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል)
- ወይንጠጅ ክዳን ያለው የኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ
- ፒፔትና ንጹሕ ጫፍ
- ማድረቂያ መደርደሪያ
- በካርዶች መሃል የሚገባ ስስ ግላሲን ወረቀት
- ዚፕ ያለው ላስቲክ
- የሲሊካ ጄል ከረጢቶችና የእርጥበት ጠቋሚ ወረቀት

አረንጓዴ ክዳን ያለውን ቱቦ አትንኩ። በውስጡ ያለው ሄፓሪን የማባዛቱን ሥራ ያግዳል። «ወይንጠጁ አልቋል፣ ለዛሬ በዚህ እናድርገው» የሚባል ነገር የለም። ቀጠሮ ቀይሩ።

የሲሊካ ጄሉን ማሸጊያ ደግሞ አሁን አትክፈቱ። የጅማ አየር ውስጥ ተከፍቶ የዋለ ማድረቂያ እርጥበቱን ጠጥቶ ጠግቧል። እሱን ካርድ ጋር መክተት የረጠበ ፎጣ ማልበስ ነው።

በካርዱ ላይ የታካሚውን ኮድና ናሙናው የተወሰደበትን ቀን ጻፉ። ስም አትጻፉ። ጅማ ሰፊ ብትመስልም ሰው ይተዋወቃል። ጽሕፈቱ በእስክሪብቶ ይሁን፣ ክቦቹን በባዶ እጅ አትንኩ።

ደረጃ 3፦ ደሙን ቅዱ

1. ከክንድ ቅዱ። አምስት ክብ ለመሙላት 375 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ያስፈልጋል። ከጣት ይህን ለማግኘት መጭመቅ ይመጣል። ሲጨመቅ ደግሞ የሰውነት ውኃ ይቀላቀልና ደሙ ይቀጥናል።

2. በአልኮል ያጸዳችሁት ቆዳ በራሱ እስኪደርቅ ጠብቁ። እፍ አትበሉበት።

3. ቱቦው እንደሞላ ቀስ ብላችሁ 8 እስከ 10 ጊዜ ገልብጡት። አትናጡት፣ እርጎ አይደለም። ካልገለበጣችሁት ደሙ ይረጋል፣ ከናጣችሁት ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ።

መርፌ እናንተን ራሳችሁን ከወጋችሁ ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፣ አትጭመቁት። በዚያው ሰዓት ለክፍሉ ኃላፊ ተናገሩ። የመከላከያ መድኃኒቱ በቶሎ፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና 28 ቀን መወሰድ አለበት። «ካርዱን ልጨርስና» አትበሉ።

ደረጃ 4፦ ካርዱ ላይ አንጠብጥቡ

ቱቦውን ክፍሉ ጥግ አቁማችሁ ሌላ ታካሚ አታስተናግዱ። ወዲያው ሥሩ። የግድ ከዘገየ ከተቀዳ በ6 ሰዓት ውስጥ ይሁን።

1. ቱቦውን እንደገና ቀስ ብላችሁ ገልብጡ።
2. በፒፔት 75 ማይክሮ ሊትር ቅዱ።
3. ጫፉ ወረቀቱን ሳይነካ፣ በክቡ መሃል በአንድ ጊዜ አፍስሱ። ደሙ ራሱ ተስቦ ክቡን ይሙላ።
4. ቀጣዩን ክብ ቀጥሉ።
5. የካርዱን ጀርባ እዩ። ደሙ በዚያም በኩል እኩል መታየት አለበት።

ክቡ ሳይሞላ ከቀረ በላዩ ላይ አትጨምሩ። ሁለት ድርብ ደም በእኩል አይደርቅም። ተዉትና ወደሚቀጥለው ክብ እለፉ። ሦስት ሙሉ ክብ ከአምስት ግማሽ ክብ ይሻላል።

በደሙ ዙሪያ ነጣ ያለ ቀለበት ካያችሁ አልኮሉ አልደረቀም ነበር፣ ወይም ደሙ ቀጥኗል። የረጋ ጉብታ ካያችሁ ቱቦው አልተገለበጠም። በሁለቱም አዲስ ካርድ አውጡ። ታካሚዋ ገና አልሄደችም፣ አሁን መድገም ቀላል ነው።

ደረጃ 5፦ አድርቁ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ጅማ ላይ ካርድ የሚበላሸው በዚህ ደረጃ ነው።

ቡና አስጥተን ያደግን ሰዎች ነን፣ ማድረቅ የምናውቅ ይመስለናል። ከቡናው አልጋ አንድ ትምህርት ብቻ ውሰዱ፦ ከሥርም ከላይም አየር ይግባ። ሌላውን እርሱት። ቡና ፀሐይ ይወዳል፣ ካርድ ፀሐይ ይገድለዋል። ቡና ዝናብ ሲመጣ በሸራ ይሸፈናል፣ እርጥብ ካርድ ግን ከተሸፈነ ይሻግታል።

የራሴን ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ ስምንት ካርድ አዘጋጀሁ። ናሙና አመላላሹ ሞተር አስነስቶ በር ላይ ቆሟል። ካርዶቹ ከተንጠበጠቡ ሦስት ሰዓት አልሞላቸውም። ከላይ ሲነኩ ደርቀዋል። አሸግኩና ላክሁ። አንዱም አልሠራም። ስምንት ሰው እንደገና ተጠራ። ከዚያ ወዲህ በር ላይ ለቆመ ሞተር ደንታ የለኝም።

አደራረቁ እንዲህ ነው፦

1. ካርዱን በጠፍጣፋ መደርደሪያ ላይ አግድም አስቀምጡ። ክቦቹ ምንም ነገር አይንኩ፣ ካርድ ከካርድ አይነካካ።

2. በደረቅ ወቅት ቢያንስ 4 ሰዓት ጠብቁ። ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ግን አሳድሩት። ጅማ ላይ እኔ ዓመቱን ሙሉ አሳድራለሁ።

3. ክፍሉን ምረጡ። አውቶክሌቭ ያለበት፣ ዕቃ የሚታጠብበት ወይም ቡና የሚፈላበት ክፍል አይሆንም። ዝናብ ሲጥል መስኮቱን ዝጉ።

4. ፀሐይ ላይ፣ ማሞቂያ አጠገብ፣ የፀጉር ማድረቂያ ፊት አታስቀምጡ። ማራገቢያም በቀጥታ አይንፋበት።

5. ዝንብና በረሮ ደም ይወዳሉ። ካርዱን በማይነካ ከፍታ ወንፊት መሳይ መረብ ጋርዱ። ክፍሉን ቆልፉ።

6. ጠዋት ቀለሙን እዩ። ደማቅ ቀይ ከሆነ አልደረቀም። ከፊትም ከኋላም እኩል የጠቆረ ቡናማ መሆን አለበት። መሃሉ ብቻ ደማቅ ከሆነ ተጨማሪ ሰዓታት ስጡት።

የሻጋታ ነጥብ ካያችሁ ካርዱን አትላኩ። ጠርጋችሁም አትላኩ። ያለቀለት ነው።

ደረጃ 6፦ አሽጉ

1. ካርዱን በግላሲን ወረቀት ጠቅልሉ።
2. ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ዚፕ ላስቲክ ስጡ። ብዙ ካርድ አንድ ላይ ማጨቅ ደም ከደም ያነካካል።
3. ሲሊካ ጄሉን አሁን ክፈቱ። ለአንድ ካርድ 5 ያህል ከረጢት ክተቱ። በክረምት ብትጨምሩ አይጎዳም።
4. የእርጥበት ጠቋሚውን ከውጭ እንዲታይ አስገቡ።
5. አየሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጥታችሁ ዝጉ።

በማግስቱ ጠቋሚውን እዩ። የ30 በመቶው ነጥብ ቀለሙን ቀይሮ ከሆነ ከረጢቶቹን በአዲስ ቀይሩ። በብዙዎቹ ጠቋሚዎች ሰማያዊ ማለት ደረቅ፣ ሐምራዊ ሮዝ ማለት እርጥብ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሁለቴ ከቀየራችሁና አሁንም እርጥብ ካለ ካርዱ ሳይደርቅ ታሽጓል። አውጡና ወደ መደርደሪያው መልሱት። ሊተርፍም ላይተርፍም ይችላል። በቅጹ ላይ ግን የሆነውን ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ቅጹን ሙሉ

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሁለት ቦታ ላይ ጥሩ ካርድ ይሞታል።

አንዱ ቀን ነው። ሐምሌ 5 ቀን 2017 የወሰዳችሁትን ናሙና 05/11/2017 ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የለመደ ሰው ኖቬምበር 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ካርዳችሁ ከ7 ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ይመስላል። ወሩን በስሙ ጻፉ፣ «ዓ.ም.» በሉ። ሰዓቱንም እንዲሁ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። ታካሚው አሁን የሚወስደውንና ከዚህ በፊት የወሰደውን ሁሉ ጻፉ። ዶሉቴግራቪር ካለበት በግልጽ አስቀምጡት። ዶሉቴግራቪር የሚመታው ኢንተግሬዝ የተባለውን የቫይረሱን ክፍል ነው። ይህ ክፍል በብዙ ላብራቶሪ ለብቻው ተባዝቶ ነው የሚነበበው። ካልነገራችኋቸው ሌላውን ክፍል ብቻ አንብበው ሊልኩላችሁ ይችላሉ። ያኔ ውጤት በእጃችሁ ይዛችሁ ጥያቄያችሁ ሳይመለስ ይቀራል።

የመጨረሻውን የቫይረስ መጠን ቁጥርና ቀኑንም ጨምሩ።

ደረጃ 8፦ ላኩ

በክፍል ሙቀት፣ በደንብ የደረቀና የታሸገ ካርድ ቢበዛ 14 ቀን ነው የሚቆየው። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በረዶ ቤት መግባት አለበት፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። መንገዱ ራሱ ያን ያህል ቀን አይወስድም። ቀኑን የሚበላው የእኛ መሳቢያ ነው። «አሥር ሲሞላ እልካለሁ» አትበሉ።

ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ አትላኩ። ቅዳሜና እሑድ ካርዱ የሆነ መጋዘን ውስጥ ይውላል። በበዓል ዋዜማም እንዲሁ። ናሙና አመላላሹን መኪናው ጋቢና ላይ፣ መስታወት ሥር ፀሐይ እንዳያስመታው ንገሩት።

መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆናችሁ ደግሞ ካርድ በረዶ ቤት ባታስገቡ ይሻላል። በረዶው ቀልጦ፣ ተመልሶ ጠጥሮ፣ ደግሞ ቀልጦ፣ ክሩን ይጨርሰዋል። ገብቶ ከነበረ ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አለበለዚያ ከአየሩ የሚመጣው ጤዛ ካርዱ ላይ ያርፋል።

ሴንትሪፊውጅና ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ያለው ሆስፒታል ውስጥ ከሆናችሁ ካርዱን ተዉትና ፕላዝማ (ከሕዋሶቹ የተለየውን የደም ፈሳሽ) ላኩ። ይበልጣል።

ደረጃ 9፦ ውጤቱ ሲመጣ

ወረቀቱ ላይ እንደ «ኤም184ቪ» ያሉ ኮዶች ታያላችሁ። የመጀመሪያው ፊደል በዚያ ቦታ መኖር የነበረበት ነው። ቁጥሩ ቦታው ነው። የመጨረሻው ፊደል የተተካው ነው። በብዛት የምታዩዋቸው እነዚህ ናቸው፦

- ኤም184ቪ፦ ላሚቩዲንን ይላመዳል። ቫይረሱን ግን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ላሚቩዲንን ቢያስቀጥል አትደነቁ።
- ኬ65አር፦ ቴኖፎቪርን ይነካል።
- ኬ103ኤን፦ ኢፋቪሬንዝንና ኔቪራፒንን ይጥላል።
- ጂ118አር፣ አር263ኬ፣ ኤን155ኤች እና በ148 ላይ የሚታዩ ለውጦች፦ የዶሉቴግራቪር ጉዳይ ናቸው። እነዚህን ስታዩ ውጤቱን በዚያው ቀን ለሐኪሙ አድርሱ።

ብዙ ላብራቶሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነጥብ አሰጣጥ ይጠቀማሉ። ለእያንዳንዱ መድኃኒት ከ10 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል። ከ10 እስከ 14 ጥርጣሬ፣ ከ15 እስከ 29 ዝቅተኛ፣ ከ30 እስከ 59 መካከለኛ፣ 60ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ መላመድ ነው።

«ምንም ለውጥ አልተገኘም» ካለና የቫይረስ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ እየገባ አይደለም ማለት ነው። በሌላ በኩል የተለመደው የሲኩዌንሲንግ ዘዴ ከቫይረሱ 20 በመቶ ገደማ የማይሞላውን ሊያሳልፈው ይችላል። በካርዱ ላይ ያለው ሙሉ ደም ስለሆነም በሕዋስ ውስጥ የተኛ የድሮ ቫይረስ አብሮ ሊነበብ ይችላል። ነርስም ሆነ ላብራቶሪ በወረቀቱ ብቻ መድኃኒት አይቀይርም። ለታካሚዋም ከሐኪሙ በፊት «መድኃኒትሽ አይሠራም» አትበሏት። ቤቷ ገብታ የያዘችውን ልታቆም ትችላለች።

«አልተባዛም» ተብሎ ከተመለሰ

አዲስ ካርድ ለማውጣት አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ስህተት ትደግሙታላችሁ። መጀመሪያ ላብራቶሪው ጋ ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ካርዱ ሲደርስ የእርጥበት ጠቋሚው ምን ቀለም ነበር? ክቦቹ ሙሉ ነበሩ? ከተወሰደበት ቀን እስከ ደረሰበት ስንት ቀን ሆነው?

ጠቋሚው ተቀይሮ ከነበረ ችግሩ ማድረቁና ማሸጉ ላይ ነው። ክቦቹ ጎዶሎ ከነበሩ ፒፔታችሁን ፈትሹ። ቀኑ ካለፈ መሳቢያችሁን። ሁሉም ደህና ከነበረ ደግሞ ከካርዱ ጋር ሳይሆን ከታካሚው ጋር ነው ሥራችሁ፦ የቫይረስ መጠኑን አዲስ አስለኩ። ምክሩ ሠርቶ ወርዶ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ካርድም አያስፈልግም።

ቁጥሩ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ ሁለተኛውን ናሙና በካርድ አትላኩ። ታካሚዋን ፕላዝማ ወደሚለይበት ሆስፒታል በሪፈር ላኩ። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «የመጀመሪያው ካርድ አልተባዛም» ብላችሁ ጻፉ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው እንዲለይ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀን ያዙላት። የትራንስፖርት ገንዘብ ካጠራት ኬዝ ማናጀሩን አሁኑኑ አነጋግሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ከሊሙ ላትመጣ ትችላለች።